የዓናቶት እርሻ ውል፦ ተስፋን እየጠበቁ በታማኝነት ስለ መኖር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ተመልሶ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት እኔ አይደለሁም ብል ብዙ አላጋንንም። ባለፈው ዓመት የትንቢተ ኤርምያስን ትምህርት ጨርሼ መጻሕፍቴን ስሰበስብ አንድ ተማሪ ወደ ጠረጴዛው ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ የምንጠብቀው ስላመንን ይሁን ወይስ መታለላችንን ለመቀበል ድፍረት ስላጣን፣ ልዩነቱን በምን እናውቃለን?» አለኝ። እኔም መምህራን መልስ ሲያጡ እንደሚያደርጉት፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሰፊው እንነጋገርበታለን» ብዬ ሸኘሁት። በሰፊው ሳንነጋገርበት ዓመቱ አለቀ፤ ተማሪው ተመርቆ ሄደ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። እውነቱን ለመናገር ቀድሞም ከእኔ ጋር ነበረ።

ጥያቄውን በነገረ መለኮት ትርጓሜዎች ልመልሰው ብሞክር ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም፤ ማንንም ግን አያሳርፍም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ፤ እርሱም በትንቢተ ኤርምያስ 32ኛ ምዕራፍ የተጻፈው የመሬት ግዢ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ግን አስቀድመን በአንድ ሰው ደጅ ማለፍ፣ አንድ ደብዳቤም ማንበብ አለብን።

ከዚህ መጽሐፍ በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው የ29ኛው ምዕራፍ 11ኛ ቁጥር ነው፤ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው አሳብ የሰላም መሆኑን፣ ፍጻሜና ተስፋም እንደሚሰጣቸው የሚናገረው። በምረቃ ካርድ ላይ አይቼዋለሁ፤ በሠርግ ጥሪ ላይ አይቼዋለሁ፤ በታክሲ የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፎ ከፊቴ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ተከትዬዋለሁ። 10ኛውን ቁጥር የለጠፈ ታክሲ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። 10ኛው ቁጥር ይህ ሁሉ የሚሆነው 70 ዓመት ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን ይናገራልና።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ወጣቱን ንጉሥ ኢኮንያንን ከእናቱ፣ ከመኳንንቱና ከእጅ ጥበብ ባለሙያዎቹ ጋር ወደ ባቢሎን አፈለሰው፤ በምትኩም አጎቱን ሴዴቅያስን አነገሠ። ከተማዪቱ አልፈረሰችም፤ መቅደሱም በቦታው ነበረ። የተወሰደው ግን ተወስዷል። እንግዲህ በከተማዪቱ የቀሩትም ሆኑ በባቢሎን ያሉት ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ መቼ ነው የሚመለሱት?

በሴዴቅያስ በአራተኛው ዓመት የገባዖን ሰው የሆነ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ በቤተ መቅደስ ቆመ። ካህናቱና ሕዝቡ ሁሉ እየሰሙት፣ ናቡከደነፆር የወሰደው የመቅደስ ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ፣ ኢኮንያንም ከምርኮኞቹ ጋር እንደሚመጣ ተናገረ። ኤርምያስ በዚያ ወራት ለባቢሎን መገዛት እንደማይቀር ምልክት ይሆን ዘንድ የእንጨት ቀንበር በአንገቱ አድርጎ ነበር። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው።

አስተውሉ፤ ሐናንያ የተናገረው ኤርምያስ በሚናገርበት አነጋገር ነው። በእግዚአብሔር ስም ጀመረ፤ በእግዚአብሔር ስም ጨረሰ። የዕብራይስጡ መጽሐፍ «ነቢይ» እያለ ይጠራዋል፤ ገና ከመጀመሪያው ሐሰተኛ ነቢይ ብሎ የጠራው የግሪኩ ትርጉም ነው፤ ተርጓሚው አንባቢው እንዳይሳሳት የፈራ ይመስለኛል። በቦታው ለቆመ ሰው ግን እንዲህ ያለ የኅዳግ ማስታወሻ አልነበረውም። ሁለት ነቢያት፣ አንድ አምላክ፣ ሁለት ቁጥር። ከዚህም የሚብስ አለ። ሐናንያ ይመለሳል ያለው የመቅደስ ዕቃ በእርግጥም ተመልሷል፤ መጽሐፈ ዕዝራ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ዕቃዎቹን እየቆጠረ ይመዘግባቸዋል። ኤርምያስም ራሱ እንደሚመለሱ ተናግሮ ነበር። ሁለቱን የለየው የተስፋው ይዘት ብቻ አልነበረም፤ ቀጠሮው ነበር። ሁለት ዓመት የሚጠብቅ ሰው ቤት አይሠራም፤ ዛፍ አይተክልም፤ ልጁን አይድርም። ሐናንያ የሰጣቸው ተስፋ ከዛሬው ኑሮ የሚያሰናብት ተስፋ ነበር።

የኤርምያስ ምላሽ ደግሞ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በመጀመሪያ አሜን አለ፤ እግዚአብሔር እንዳልኸው ያድርግ ብሎ ተመኘ። ሽሙጥ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኔ ሽሙጥ አይመስለኝም። ሕዝቡን የሚወድ ሰው የሐናንያ ቃል እውነት ቢሆን እንዴት አይወድም? ከዚያም ቀንበሩ ሲሰበር ምንም ሳይመልስ መንገዱን ሄደ። ያ ታላቅ ነቢይ በሕዝብ ፊት ተዋርዶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ቃል የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ይህን ምዕራፍ ማስተማር ለብዙ ዓመታት ይከብደኝ ነበር። ምክንያቱን ለተማሪዎቼ ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ባለቤቴን አስፈቅጄ መጥቻለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ከተጋባን አምስት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ልጅ አልወለድንም። በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ ስሙ የታወቀ ሰባኪ ከመድረክ ወርዶ እኛ ወደ ተቀመጥንበት ረድፍ መጣና እጁን በባለቤቴ ራስ ላይ ጭኖ፣ «የዛሬ ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅሽን ታቅፈሽ እዚህ ትቆሚያለሽ» አላት። ጉባኤው እልል አለ። እኔ በዚያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ነበርሁ። የሐናንያን ታሪክ በዕብራይስጥም በግእዝም አንብቤዋለሁ። እልል ካሉት መካከል ግን እኔም ነበርሁ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ከሸማኔ ዘንድ ሄዳ ትንሽ ጋቢ አሠራች። ዓመቱ አለፈ። ባለቤቴ ወደ ሰውዬው ሄዳ ጠየቀች፤ የተሰጣት መልስ «እምነትሽ ጎድሏል» የሚል ነበር። እንግዲህ ቀን የሚቆርጡ ሰዎች ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ምስጋናው የእነርሱ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ ዕዳው በሰሚው ስም ይጻፋል። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል አልጸለየችም። እኔ መጸለይ አላቆምሁም፤ ነገር ግን ጸሎቴ ሁሉ የክስ ማመልከቻ ሆኖ ነበር። ከሁለታችን ይበልጥ ታማኝ የነበረው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልሁም።

በዚያ ወራት አንዲት አረጋዊት ጎረቤት ነበሩን። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልተው ይጠሩናል። አንድም ቀን «ይሰጥሻል፣ አይዞሽ» ብለው አያውቁም፤ «ከእንግዲህስ ተዪው» ብለውም አያውቁም። ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ጓሯቸው ጎመን ያወራሉ። ሦስተኛውን ስኒ ሳንጠጣ አይለቁንም። ባለቤቴ እንደገና መጸለይ የጀመረች ጊዜ፣ የጀመረችው በእርሳቸው ቤት፣ ለእርሳቸው ጉልበት ነው።

ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከውን ደብዳቤ ሳነብ እኒያን እናት አስባለሁ። ደብዳቤው በሳፋን ልጅ በኤልዓሣና በኬልቅያስ ልጅ በገማርያ እጅ ወደ ባቢሎን ተላከ። በውስጡ ያለው ትእዛዝ ለተስፋ ሰባኪ የሚመች አይደለም። ቤት ሥሩ ይላል፤ ተክል ትከሉ፤ አግቡ፤ ልጆቻችሁንም ዳሩ፤ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፤ ስለ እርሷም ጸልዩ። የባቢሎን ሰላም! መቅደሳቸውን የዘረፈች ከተማ ናት። ከዚያም ቁጥሩ ይመጣል፤ 70 ዓመት። ደብዳቤው ሲነበብ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ጣቱን ቆጥሮ ወዲያው ይገባዋል፤ ተስፋው ይፈጸማል፤ እኔ ግን አላየውም። ሸማያ የሚባል ከምርኮኞቹ አንዱ ደብዳቤውን ሰምቶ ተቆጣ፤ ይህን የሚጽፍ ዕብድ ለምን አይታሰርም ብሎ ወደ ኢየሩሳሌም ጻፈ። ሸማያን እረዳዋለሁ። የተስፋው መራቅ ለሰሚው የተስፋ መካድ ይመስላል።

በነገራችን ላይ 70 ዓመቱን ከየት እስከ የት እንቁጠረው የሚለው የሊቃውንት ክርክር ዛሬም አላለቀም። መቅደሱ ከፈረሰበት ከ586 ዓመት ዳግመኛ እስከ ታነጸበት ዘመን ብትቆጥሩት 70 ይሞላል ማለት ይቻላል። ናቡከደነፆር ከነገሠበት ከ605 ባቢሎን እስከ ወደቀችበት እስከ 539 ብትቆጥሩት ደግሞ 66 ነው። ይህን 66 ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ዳንኤል ግን በ9ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ቁጥር ከመጽሐፍ አስተውሎ ሲያበቃ ሒሳብ አልሠራም፤ ማቅ ለብሶ ሊጸልይ ተቀመጠ።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። ሴዴቅያስ ከነገሠ አሥረኛው ዓመት ነው። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቧል። ኤርምያስ ከተማዪቱ ትያዛለች በማለቱ በግዞት ቤቱ አደባባይ ታስሯል። በዚህ ጊዜ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጣና በዓናቶት ያለውን እርሻውን እንዲገዛው ጠየቀው፤ የመቤዠት መብት ያለው የቅርብ ዘመድ እርሱ ነውና። ዓናቶት ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ኤርምያስ የተወለደባት የካህናት መንደር ናት። ደግሞም፣ 11ኛውን ምዕራፍ ያነበባችሁ እንደምታስታውሱት፣ ትንቢት መናገሩን ካልተወ እንገድልሃለን ያሉት የዓናቶት ሰዎች ናቸው። መሬቱ በዚህ ጊዜ በጠላት ጦር እጅ ነው። ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ግልጽ ነው፤ ረሀብ ነው፤ ብር ይሻላል። ገዢው ግን ለምን ይገዛል?

ጸሐፊው በዚህ ቦታ ያሳየው ጥንቃቄ በመላው መጽሐፍ አይገኝም። ዋጋው 17 ሰቅል ብር መሆኑን ይነግረናል። ብሩ በሚዛን መመዘኑን፣ ውሉ መጻፉን፣ መታተሙን፣ ምስክሮች መፈረማቸውን ይነግረናል። ውሉ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ የታተመ፣ አንዱ የተከፈተ። ይህ ልማድ በሌላም ቦታ ይታወቃል፤ በላይኛው ግብፅ በኤሌፋንቲን ደሴት የነበሩ አይሁድ የጻፏቸው የአራማይስጥ ውሎች ተጠቅልለው፣ በክር ታስረው፣ በጭቃ ማኅተም ታትመው ተገኝተዋል። የተከፈተው ለማንበብ ነው፤ የታተመው ክርክር ሲነሣ ለዳኛ ነው። የይዞታ ካርታ ለማውጣት ተሰልፎ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ምዕራፍ ከብዙ የአውሮፓ ተርጓሚዎች ይልቅ በቀላሉ የሚረዳው ይመስለኛል። ኤርምያስ ተስፋውን በመዝሙር አልገለጠውም፤ በማይነቀፍ ሰነድ አስመዘገበው። ሰነዱንም ጸሐፊው ባሮክ ለብዙ ዘመን ተጠብቆ እንዲኖር በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘው።

ከዚያ ጸለየ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ጸሎቱ የመጣው ገንዘቡ ከተከፈለ፣ ውሉም ከታተመ በኋላ ነው። ጸሎቱ ሰማይና ምድርን በፈጠረው አምላክ ምስጋና ይጀምራል፤ ከግብፅ መውጣትን ያነሣል፤ ረጅምና ያማረ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሰውዬው ልቡን ያወጣዋል። አፈር የተደለደለበት የጠላት ምሽግ እዚህ ደርሷል፤ ከተማዪቱ ለከለዳውያን ተሰጥታለች፤ አንተም በብር እርሻ ግዛ፣ ምስክርም ቁም ትለኛለህ! በዚህ ያበቃል። አሜን እንኳ የለውም። የታዘዘ ሰው ነው፤ ነገር ግን ግራ የተጋባ ሰው ነው፤ ግራ መጋባቱንም ከአዛዡ አልደበቀም። ታማኝነትን ከጥያቄ ጋር አብሮ የማይኖር ነገር አድርገው ለሚያስተምሩ ሁሉ ይህ ጸሎት ሊነበብላቸው ይገባል።

አንድ የመሬት ቁፋሮ ነገር ልጨምር፤ የሙያዬ ድክመት ስለሆነ ትታገሡኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 የአርኪዮሎጂ ሊቁ ይጋል ሺሎ በኢየሩሳሌም የዳዊት ከተማ በሚባለው ስፍራ ባቢሎናውያን ባቃጠሉት አንድ ቤት ውስጥ ከ50 የማያንሱ የጭቃ ማኅተሞች አገኘ። ወረቀቶቹ፣ ማለትም የፓፒረስ ሰነዶቹ፣ በእሳቱ ጠፍተዋል፤ ማኅተሞቹ ግን በዚያው እሳት እንደ ሸክላ ተጠብሰው ጸኑ። ከእነርሱ በአንዱ ላይ የሳፋን ልጅ የገማርያ ስም ይነበባል፤ በትንቢተ ኤርምያስ 36ኛ ምዕራፍ የተጠቀሰ ጸሐፊ በዚሁ ስም እናውቃለን። የባሮክ ነው ተብሎ ስለሚነገረው ማኅተም አትጠይቁኝ፤ እርሱ የመጣው ከቅርስ ነጋዴ ነው፤ ብዙዎች የዘመናችን ሥራ ነው ይላሉ። የዳዊት ከተማዎቹ ግን ከአመዱ ውስጥ የወጡ ናቸው። የሸክላው ዕቃ ትእዛዝ ምን ያህል አስተዋይ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያልተቀበረ ወረቀት ሁሉ ተቃጥሏልና።

እናቴ ያሠራችው ጋቢ በቤታችን በአንድ ሣጥን ውስጥ አለ። እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። እኔና ባለቤቴ ዛሬ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነን፤ ልጅ የለንም። ለዚህ ጋቢ ምን እናድርግለት የሚለውን ጥያቄ አንድ ጊዜ አንሥተነው ነበር። ለወለደ ዘመድ እንስጠው አልሁ፤ እሺ አለችኝ፤ ማናችንም ግን ሣጥኑን አልከፈትነውም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ አጥፋ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ይህ ተስፋ ይሁን ወይስ ሐዘን አልጠየቅኋትም። ኤርምያስንም ብጠይቀው የሚመልስልኝ አይመስለኝም።

66 ቁጥር ይዛችሁልኛል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የአገራችን ሰው አለ። ኤርምያስ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ በተጣለ ጊዜ ለንጉሡ ተናግሮ ያወጣው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ አብሮ ያወረደለት፣ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው። ስለዚህም ከተማዪቱ ስትወድቅ ነፍሱ እንደምትድን ቃል ተገባለት። ተረፈ ባሮክ የሚባለው መጽሐፍ የዚህን ቃል አፈጻጸም በራሱ መንገድ ይተርካል። የግእዙን ጽሑፍ ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1866 አሳትሞታል፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚነበበው ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ነው። ኤርምያስ አቤሜሌክ የከተማዪቱን ጥፋት እንዳያይ ለመነለት። ስለዚህ በለስ እንዲያመጣ ወደ አግሪጳ የወይን ቦታ ላከው። አቤሜሌክ በለሱን ለቅሞ፣ ፀሐይ ስለበረታበት ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለ። የተኛው 66 ዓመት ነው። ሲነቃ በለሱ አሁን የተቀጠፈ ይመስል ወተቱ ይንጠባጠባል። ራሱ ከብዶት ትንሽ ብተኛ ኖሮ ብሎ ተመኘ። ወደ ከተማ ገባ፤ ቤቱን አጣው፤ ዘመዱን አጣው፤ መንገድ የሳትሁ ነኝ ብሎ ወጣ፤ ተመልሶም ገባ። መጨረሻ ላይ የሆነውን የነገረው ያገኘው አንድ ሽማግሌ ነው።

ይህን ምሕረት ያልተመኘ ማን አለ? እኔ ብዙ ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። ተስፋው በሚፈጸምበት ቀን መንቃት፤ በመካከሉ ያለውን አለማየት። መጽሐፉም አቤሜሌክን አይነቅፈውም፤ እንቅልፉ ስጦታ ነው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ሌሎቹን አላስተኛቸውም። ባሮክ በመቃብር ስፍራ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ኤርምያስ በባቢሎን ከሕዝቡ ጋር ነው፤ ትንቢቱ ግን ወደ ግብፅ ወሰዱት ይላል፤ የሁለቱን መጻሕፍት ልዩነት ለሌላ ቀን እናቆየው። እንግዲህ የተኛው በለሱን ትኩስ አድርጎ አመጣ። የነቁት ግን ከተማዪቱ የት እንደነበረች ያውቁ ነበር። የተኛው ሰው ነቅቶ ሲመጣ የሚጠይቀው ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ በገዛ ከተማው በር ላይ እንግዳ ሆኖ በቀረ።

ነቅቶ ስለ መጠበቅ ሳስብ ከጎንደር ብዙም ሩቅ ያልሆነው አምቦበር ይታየኛል። ቤተ እስራኤል በየዓመቱ ከማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ጾመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ቄሶቻቸው ኦሪቱን ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። በራሳቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ ነበሩ። በዓሉ ስግድ ይባላል። ከሚነበቡት መካከል ከምርኮ የተመለሱት ሕዝብ ኃጢአታቸውን የተናዘዙበት የመጽሐፈ ነህምያ ክፍል አለ። ኢየሩሳሌምን የሚናፍቅ ሕዝብ ተራራ ላይ ወጥቶ መቼ ነው ብሎ መጮኽ ይችል ነበር። እነርሱ ግን ተናዘዙ፤ ቃል ኪዳን አደሱ፤ ማታ ወርደው ጾማቸውን ፈቱ፤ በማግሥቱ ወደ ሸክላቸው፣ ወደ ብረታቸውና ወደ ሽመናቸው ተመለሱ።

እነርሱም የሐናንያ ዘመን ገጥሟቸው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1862 በአባ ማሐሪ መሪነት ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ቀኑ ደርሷል ብለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ብዙዎች በመንገድ በረሀብና በበሽታ አለቁ፤ የቀሩት ተመለሱ። አባ ማሐሪን ከሐናንያ ጋር እኩል ማስቀመጤ አይደለም፤ እርሳቸው ከሕዝቡ ጋር በእግራቸው ሄደዋል፤ ሐናንያ ግን ከቤተ መቅደስ አልወጣም። ከዚህ ውድቀት በኋላ የተደረገው ግን ነው የሚያስደንቀው፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ስግድ አልቀረም። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ በሱዳን በኩል የተጓዙት በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለስብከት የተመቸ ነበር። ያገኟት ኢየሩሳሌም ግን በስግድ የጠሯት አልነበረችም። አይሁዳዊነታቸው ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በሥውር ይደፋ እንደነበር ሲታወቅ ያ ሁሉ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። አቤሜሌክ በከተማዪቱ በር ላይ የተሰማው ይህ ይመስለኛል። ዛሬም በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራቸውን የሚጠብቁ አሉ። እዚያ የደረሱትም በየዓመቱ ስግድን በኢየሩሳሌም ያከብራሉ፤ በ2000 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ደርሳችሁ ሳለ ስለ ምን ትጾማላችሁ ለሚላቸው፣ መቅደሱ ገና ነው ብለው የሚመልሱ አሉ።

ለተማሪዬ ጥያቄ የተሟላ መልስ የለኝም። ያየሁትን ግን ልናገር። ሐናንያን ያመኑ ሰዎች ቀኑ ሲያልፍ ሦስት መንገድ ብቻ ቀራቸው፤ ቀኑን ማዛወር፣ ራስን መውቀስ፣ ወይም ሁሉንም መጣል። የተታለለ መጠበቅ ያለፈውን ቀን ስም መጥራት አይችልም፤ ጥያቄ ያስፈራዋል። ኤርምያስ ግን ጠየቀ፤ አማረረ፤ በ20ኛው ምዕራፍ እንደምታገኙት እግዚአብሔርን አታለልኸኝ እስከ ማለት ደረሰ፤ መዝገቡም አልተፋቀም። በዚያው ላይ የዕለት ሥራውን አልተወም፤ ብሩን መዘነ፤ ውሉን አተመ፤ ለጠላት ከተማ ሰላም ጸልዩ ብሎ ጻፈ። እምነትን ከመታለል የምለይበት መሣሪያ ካለኝ እስካሁን ይህ ብቻ ነው፤ ሳይፈሩ መጠየቅና ጎረቤትን አለመርሳት። ይህም ቢሆን ከውጭ የሚታይ ምልክት ነው፤ የሰውን ልብ አይፈትሽም፤ የእኔንም ልብ ሁልጊዜ አይፈትሽልኝም።

ኤርምያስ እርሻውን አላረሰውም። ከተማዪቱ ከወደቀች በኋላ በምጽጳ ከጎዶልያስ ጋር ጥቂት ጊዜ ቆየ፤ ጎዶልያስ ሲገደል የፈሩት ሰዎች እርሱንም ባሮክንም ይዘው ወደ ግብፅ ወረዱ። በጣፍናስ ሆኖ ሲናገር እንሰማዋለን፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አይሰማም። ስለ ሸክላው ዕቃም መጽሐፉ ዳግመኛ አያነሣም። ነገር ግን መጽሐፈ ዕዝራ 2ኛው ምዕራፍ ላይ ከባቢሎን የተመለሱት ሰዎች ዝርዝር አለ፤ ተማሪዎቼ ሁሉ የሚዘሉት፣ ስምና ቁጥር ብቻ የሆነ ዝርዝር። በ23ኛው ቁጥር ላይ፣ የዓናቶት ሰዎች 128 ይላል።

ሰብሳቢያችን ሰዓቴ እንዳበቃ እየጠቆሙኝ ነው።  የቀረውን ጊዜ ለጥያቄ እንስጠው፤ ያ ተማሪ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ የመጀመሪያው ዕድል የእርሱ ነው።